ከግድግዳው ጀርባ የተቀመጠችው ትርንጎ

እስቲ ቀረብ በሉ። ይህ ነገር የሆነው ጥንት ነው፤ ዝግባ አፋፍ ላይ ዝግባ በነበረበት ዘመን፣ አፋፉም ገና በጎርፍ ሳይበላ። ያን ጊዜ በመንደሩ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። ላይኛው ሰው ያርሳል፤ ታችኛው ሰው ሸክላ ይሠራል። ላይኛው ሰው ታችኛው በሠራው ድስት ወጥ ይሠራል፤ ታችኛው በሠራው እንስራ ውሃ ይቀዳል። ከታችኛው ሰው ጋር ግን አይበላም፤ አይጠጣም። ለምን ቢባል፣ «ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ይበላል» ይባል ነበር። ማን አለ? ሁሉም አለ። ማን አየ? ማንም አላየ።

ትርንጎ ከታችኞቹ ወገን ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ከእህቷ ከማንጠግቦሽ ጋር በጅረቱ ዳር ትኖራለች። አንድ ልጅ አርግዛ ነበር፤ በመቀመጫው መጣ፤ ጎተቱት፤ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ፍየል ስትወልድ ቁጭ ብላ ታያለች። ላም ስትወልድ ቁጭ ብላ ታያለች። እጅ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ እጅ መቼ እንደሚገድል ታያለች። ቆይታም የታችኞቹን ሴቶች ማዋለድ ጀመረች።

የላይኞቹ አዋላጅ እመት ዘርፌ ነበረች። እጇ ብርቱ ነው። ከእናቷ የተማረችው መጎተት ነው፤ እናቷም ከእናቷ። የዳነውን ልጅ «እኔ አዳንሁት» ትላለች። የሞተውን «የማርያም ፈቃድ ነው» ትላለች። ሰውም በሁለቱም ያመሰግናታል።

አንድ የመኸር ሰሞን እመት ዘርፌ ለለቅሶ ወደ ማዶ አገር ሄደች። እሷ ሳትመለስ ከላይኞቹ ወገን የታከለ ሚስት ደብሬ ምጥ ያዛት። እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ልጁ ግን ጭንቅላቱን ሳይሆን መቀመጫውን አሳየ። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» አሉ። ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ተላቀሱ። የደብሬ አማት ደጅ ወጥታ ቁልቁል ተመለከተች። ከታች የሸክላ መተኮሻው ጭስ ይታያል።

«ያቺ ሴትዮ ወገኖቿን ታዋልዳለች አሉ» አለች።

«ቡዳዋን?»

«ቡዳም ብትሆን ሴት ናት። ጥሯት!»

ትርንጎ መጣች። እጇ ጭቃ ነበረ፤ ታጠበች። ደብሬ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ሴቶች ግራና ቀኝ እግሯን ይዘዋል።

«ልቀቋት» አለች ትርንጎ። «ትነሣ። ትንበርከክ። ምሰሶውን ትያዝ።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለቀቋት። ደብሬ ተንበርክካ ምሰሶውን አቀፈች። ትርንጎ ከኋላዋ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ዓይኗን ልጁ ላይ አደረገች። ከዚያ ምንም አላደረገችም።

ሴቶቹ ደነገጡ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። አዋላጅ ማለት ላብ የሚያጠምቃት፣ የምትጮህ፣ የምትታገል ሴት ነበረች። ይቺ ዝም ብላ ታያለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች አማት።

«እሱን።»

«ኧረ ያዢው! ጎትቺው!»

«እመቤቴ፣ ሲጎትቱት ይደነግጣል። ሲደነግጥ ክንዱን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ አገጩን ያነሣል። ያኔ እንደ መንጠቆ ይያዛል። ካልነኩት ተሰብስቦ ይወርዳል።»

ልጁ እስከ ወገቡ ወጣ። ተንጠለጠለ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከ ደረቱ ወጣ። ክንዶቹ ተራ በተራ ወረዱ። ትርንጎ ያኔ ብቻ እጇን ከጭኗ አነሣች፤ የሚወድቀውንም ልጅ ተቀበለችው። ልጁ አለቀሰ።

እልልታ ግን አልነበረም። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «ሳትነካው ምን አወጣው?» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ዓይኗ ነዋ» አለች ሌላዋ። ትርንጎ ውሃ ለመነች። በፎሌ ቀድተው ሰጧት፤ ጠጥታ ሄደች። ገና ደጁን ሳታልፍ ፎሌውን ድንጋይ ላይ ሲሰብሩት ሰማች። ዞር አላለችም። ፎሌውን የሠራችው እሷ ነበረች።

እመት ዘርፌ ከለቅሶ ተመለሰች፤ ወሬውን ሰማች። ለጊዜው ሳቀች።

«ቁጭ ብላ ታዋልዳለች አሉኝ!» አለች በውሃ መቅጃው። «ዶሮም ቁጭ ትላለች፤ እሷን ደግሞ አዋላጅ በሏት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደብሬም፣ ልጇን አዝላ፣ ሳቀች።

በሚቀጥለው ክረምት የመናሹ የምትባል ልጅ እግር ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነበር። የእሷም ልጅ በመቀመጫው መጣ። ባሏ ፈርቶ ሁለቱንም አዋላጆች ጠራ። እመት ዘርፌ በፊት ለፊት በር ገባች፤ ትርንጎ በጓሮ።

«ትንበርከክ፣ እመት ዘርፌ» አለች ትርንጎ። «ይተዉት፤ ይመጣል።»

«እኔ አንቺ ሳትወለጂ ሳዋልድ ነበር።»

«እሺ፣ ያዋልዱ ነበር። ግን ይተዉት።»

«ውጪልኝ ከፊቴ! ወይም አፍሽን ዝጊ።»

ትርንጎ አፏን ዘጋች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እመት ዘርፌ የልጁን ሁለት እግር ይዛ ሳበች። የመናሹ ጮኸች። እመት ዘርፌ ሳበች። የልጁ ክንዶች ወደ ላይ ሄዱ። ትርንጎ ዘላ ተነሣች። «በማርያም ይተዉት!» አለች፤ እጇንም ዘረጋች። እመት ዘርፌ በክርኗ ደረቷን መታቻት። እንደገና ሳበች። ጭንቅላቱ ቀረ። እንደገና ሳበች።

ልጁ ወጣ። ሲወጣ ሞቶ ነበር።

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። እመት ዘርፌ እጇን አየች። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ታውቀው ነበር፤ ይህን እናቶቻችን ሁሉ ይናገሩታል። ከዚያ ቀና ስትል የትርንጎን ዓይን አየች። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ልጁ ላይ ተተክሎ ነበር።

«እሷ ናት!» ብላ ጮኸች። «እኔ በእጄ ሳወጣ፣ እሷ በዓይኗ ያዘችብኝ! አያችኋት አይደል? ስታየው አላያችኋትም?»

አይተዋታል። እውነት ነው፤ ስታየው አይተዋታል።

በማግሥቱ ሽማግሎች ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ፈራጁ ጭቃ ሹም እንግዳሸት ነበር። ጮክ ብሎ የማይናገር፣ አዋቂ የሚባል ሰው። ትርንጎን ከፀሐይ ላይ አቆሟት፤ ጥላው ለላይኞቹ ነው። እመት ዘርፌ ተናገረች። ሴቶቹ ተናገሩ። ሁሉም «ስታየው አይተናል» አሉ። እመት ዘርፌ ስትጎትት ያየ ግን አልተጠየቀም።

ትርንጎ አንድ ምስክር ጠራች። ደብሬን ጠራች። ደብሬ ልጇን አዝላ መጣች፤ ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ ይስቃል።

«ይቺ ሴት አዋልዳሻለች ወይ?» አላት ጭቃ ሹሙ።

ደብሬ አማቷን አየች። እመት ዘርፌን አየች። መሬት አየች።

«እኔ ምሰሶውን አቅፌ ነበር» አለች። «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ያየሁት ነገር የለም።»

ውሸት አልተናገረችም። ለዚህ ነው የሚዘገንነው። ልጇን በሕይወት ያስቀረችላትን ሴት ሳትዋሽ ሸጠቻት።

ጭቃ ሹሙ ፈረደ። «ትርንጎ ከዛሬ ጀምሮ ምጥ ያለበት ቤት አትግባ። የምታምጥ ሴት አትይ። የተወለደ ልጅ ፊት አትይ። ይህን አፍርሳ ብትገኝ ጎጆዋ ይቃጠል፤ ታችኞቹ ሁሉ አገር ለቀው ይውጡ።» ሽማግሎቹ «ይሁን» አሉ። ከሾላው ሥር የተባለ ነገር አይታጠፍም ነበር።

ትርንጎ ወደ ጅረቱ ወረደች። ጭቃዋን ረገጠች። ሕፃን የታቀፈች እናት በመንገድ ስትመጣ ፊቷን ወደ አጥር ታዞራለች። ከብት ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ «ትርንጎ፣ ዙሪ!» እያሉ ይጫወቱባት ጀመር። እሷም ትዞራለች።

ጊዜ ሄደ። የጭቃ ሹሙ አንድያ ልጅ አንጓች አገባች፣ ጸነሰች፣ ልትወልድ ወደ አባቷ ቤት መጣች። በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ምጥ ያዛት። እመት ዘርፌ ተጠራች። ገባች፣ ዳሰሰች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። ልጁ እግሩን አስቀድሟል።

አንጓች የእመት ዘርፌን ፊት አየች። የየመናሹ ለቅሶ በጆሮዋ መጣባት። «ትርንጎን ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። «አባዬ! ሸክላ ሠሪዋን ጥራልኝ!»

ጭቃ ሹሙ ደጅ ላይ ቆሞ ሰማ። የፈረደው እሱ ነው። ሽማግሎቹ አጠገቡ ቆመዋል። ሚስቱ ወይዘሮ ሰገዱ ከውስጥ ወጥታ ነጠላዋን እግሩ ላይ ጣለች።

«ልጄ ናት፣ እንግዳሸት! ልጄ ናት!»

ጭቃ ሹሙ ብዙ አሰበ። ከዚያ እንዲህ አለ። «ትምጣ። ቤት ግን አትግባ። ከቤቱ ጀርባ ትቀመጥ። ፊቷን ወደ ገደሉ ታዙር። ድምፅዋን በግድግዳው ትላክ። ድምፅ አልተከለከለም።» ሽማግሎቹ ተደነቁ። ምን ያለ ጥበብ ነው አሉ።

መልክተኛው ወደ ጅረቱ ወረደ። ማንጠግቦሽ እህቷን በቀሚሷ ያዘች።

«አትሂጂ! ብትሞት ትርንጎ በላቻት ይላሉ። ብትድን ዘርፌ አዳነቻት ይላሉ። የኛን ጎጆ ያቃጥላሉ። ምን ይሁን ብለሽ ነው?»

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ። «ልጁ ግን ሸክላ ሠሪ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም።»

ሄደች። ከቤቱ ጀርባ፣ እበት ከሚደርቅበት ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለገደሉ ሰጠች። የጭቃ ሹሙ አሽከር በግድግዳው ስንጥቅ እንዳታይ ዱላ ይዞ ቆመባት። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እመቤቴ ሰገዱ፣ ትንበርከክ። ምን ያያሉ?»

«እግሩን! አንድ እግሩ ወጥቷል! ዘርፌ ይዛዋለች!»

«ይልቀቁት፣ እመት ዘርፌ።»

«አልለቅም!» አለች እመት ዘርፌ ከውስጥ። «አንቺ የያዝሽው ገደል ነው፤ እኔ የያዝሁት ልጅ ነው!»

ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እመት ዘርፌ፣ እባክዎ። የየመናሹን ልጅ ያስቡ።»

እመት ዘርፌ እጇን አነሣች። ምጡ መጣ፤ ሌላው እግር ወረደ። እጇ ሄደ። አነሣችው። ምጡ መጣ፤ እጇ እንደገና ሄደ።

«አልቻልሁም!» አለች እመት ዘርፌ። «እጄ ራሱ ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ይህን ነው!»

«እንግዲያው ይታሰር» አለች ትርንጎ።

ሴቶቹ ደነገጡ። የአገሩ ታላቅ አዋላጅ፣ ሦስት ትውልድ ያዋለደች፣ እንደ ሌባ ትታሰር? ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወይዘሮ ሰገዱ ከወገቧ መቀነቷን ፈታች። እመት ዘርፌ ሁለት እጇን ራሷ ዘረጋች። ወይዘሮ ሰገዱም አሰረቻት።

«አሁን ምን ያያሉ?»

«እስከ እምብርቱ ወጣ!»

«እትብቱ ይመታል?»

«ይመታል!»

«ደረቱ ወዴት ነው?»

«ወደ እኛ!»

«ይተዉት።»

«ተንጠለጠለ እኮ!»

«ይንጠልጠል።»

ደጅ ያለው ወንድ ሁሉ ይሰማል። ጭቃ ሹሙ ግንባሩን በሩ ላይ ደግፏል። ውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» ይባላል። አንድ ክንድ ወረደ። ሌላው ወረደ።

«ጭንቅላቱ ቀረ!» አለች ወይዘሮ ሰገዱ። «ትርንጎ፣ ጭንቅላቱ ቀረ! ምን ላድርግ?»

«አገጩ ይታያል?»

«አይታይም!»

«ይጠብቁ።»

መጠበቁ ረዘመ። አሽከሩ ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትርንጎ ገደሉን ታያለች። የገደሉን ማዶ ታያለች። የምታየው ነገር የለም።

«አገጩ መጣ! ታየ!»

«አንጓች ትስገድ። ግንባሯን መሬት ታስነካ።»

አንጓች ሰገደች። ጭንቅላቱ ወጣ። ልጁ በአያቱ እጅ ላይ ወደቀ። አላለቀሰም።

«ዝም አለ! ትርንጎ፣ ዝም አለ!»

«እትብቱን አይቁረጡ። ጀርባውን በጨርቅ ይሹት። አፉን ይጥረጉ። ይሹት፣ እመቤቴ፣ ይሹት!»

ከዚያ ልጁ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ዝግባ አፋፍ ላይ ተሰምቶ አያውቅም ይባላል። እልልታው ቀለጠ።

አሁን የምነግራችሁን ስሙ። እመት ዘርፌ እጇ እንደታሰረ ደጅ ወጣች። ሽማግሎቹ ፊት ቆመች። «የየመናሹን ልጅ የገደልሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስጎትተው አንገቱ ሲሄድ ተሰምቶኛል። እሷ ተይው ብላኛለች። ፍርዱን አንሡ።» ጭቃ ሹም እንግዳሸት ሽማግሎቹን አየ። ሽማግሎቹም እሱን አዩ። ከሾላው ሥር የተባለ ቢታጠፍ፣ ነገ የቱ ፍርድ ይቆማል? «ደክሟት ነው» አለ። «ድንጋጤ ነው። ቤቷ ውሰዷት።» እያለቀሰች ወሰዷት።

ጭቃ ሹሙ ከቤቱ ጀርባ ሄደ። ትርንጎ እንደተቀመጠች ነበረች፤ ፊቷ አሁንም ወደ ገደሉ ነው።

«የምትፈልጊውን ጠይቂኝ» አላት።

«ጌታዬ፣ ፊቱን ልየው።»

የልጅ ልጁ ከግድግዳው ማዶ ይጮኻል። ጭቃ ሹሙ ቀስ ብሎ «እሱን አትጠይቂኝ» አላት። ከዚያ ከቤቱ ምርጡን ቁርበት አስመጣ። በእጁ እበቱ ላይ አነጠፈው። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በዚህ አገር ምጥ በያዘበት ቤት ሁሉ፣ ከጀርባው ለትርንጎ ቁርበት ይነጠፍላት። መሬት ላይ አትቀመጥ።» ሰውም «እሰይ! አከበራት!» አለ። አጨበጨበም።

ትርንጎ እስክትሞት ድረስ እዚያ ቁርበት ላይ ተቀምጣ አዋለደች። የሰውን ሁሉ ልጅ በጀርባዋ ተቀበለች። የአንዱንም ፊት አላየችም። ልጆቹ አድገው በመንገድ ሲያልፉ በድምፃቸው ብቻ «ይሄ የእገሊት ነው» ትል ነበር። በልጅነቱ ያላየችውን ሰው፣ ካደገ በኋላ ማየት ያፈረች ይመስል፣ ፊቷን ወደ አጥር ታዞር ነበር። ማንም «አትዙሪ» አላላትም።

እንግዲህ ዛሬ ዝግባ አፋፍ ብትሄዱ፣ ልጅ በመቀመጫው ወይም በእግሩ የመጣ እንደሆነ፣ አዋላጅዋ ሳትጠየቅ እጇን ትዘረጋለች፤ በመቀነት ያስሯታል። ማን ጀመረው ብትሉ ሁሉም ያውቃል። በየትኛውም ነገር የሚቸኩል ሰው ሲያዩም «መቀነት ላምጣልህ?» ይሉታል፤ ይስቃሉ። ከቤቱም ጀርባ ቁርበት ይነጠፋል። ምጡ ሲጠና ከሴቶቹ አንዷ አፏን ወደ ግድግዳው አስጠግታ «ትርንጎ፣ ምን እናድርግ?» ትላለች። ሁሉም ዝም ብለው ይሰማሉ። መልስ የለም፤ ይጠብቃሉ። ልጁም ይመጣል።

ሲመጣ እልል ይላሉ፤ ስሟንም ጠርተው ያመሰግናሉ። ቁርበቱን አራግፈው ለሚቀጥለው ምጥ ያስቀምጡታል። እንዲህ እያደረጉ ያከብሯታል፤ ክብሩንም አባት ለልጅ ያወርሳል። ከዚያ ሁሉ ትውልድ መካከል ግን በሩን ከፍቶ «ትርንጎ፣ ግቢ» ያላት እስከ ዛሬ አልተገኘም።